ሌሊት 6:40 የየትኛው ቀን ነው? ለኮንፈረንስ የተቆረጠልኝ ቲኬት ግራ አጋብቶኛል

የማራኪዋ መምህርት (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ሰኔ 2 ጠዋት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ጁን 13 ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቪየና በሚካሄድ ኮንፈረንስ ጥናት አቀርባለሁ። ወጪውን የሚችለው መሥሪያ ቤቴ ስለሆነ ቲኬቱን የቆረጠው ግዥ ክፍላችን በፕሮፎርማ ያወዳደረው አንድ የጉዞ ወኪል ነው። የላከልኝ ሁለት የተለያየ ቲኬት ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

ጎንደር – አዲስ አበባ፣ ዓርብ ጁን 12፣ 15:20
አዲስ አበባ – ቪየና፣ ዓርብ ጁን 12፣ 00:40፣ መድረሻ 06:05
ቪየና – አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ጁን 16፣ 22:40፣ መድረሻ 06:00 +1
አዲስ አበባ – ጎንደር፣ ረቡዕ ጁን 17፣ 07:10

ወኪሉ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ዓርብ በ9:20 ከጎንደር ትነሻለሽ፣ 10 ሰዓት ተኩል ቦሌ ነሽ፣ እራትሽን በልተሽ፣ አረፍ ብለሽ ሌሊት 6:40 ትበሪያለሽ» ብሎ አስረዳኝ። ትናንት ማታ ወንድሜ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ አውሮፕላን እኮ አንቺ እዚህ ተኝተሽ እያለ ነው የሚሄደው» አለኝ። ወኪሉ ጋ ስደውል መጀመሪያ «ኧረ ምንም ችግር የለውም» አለ፤ ቆይቶ መልሶ ደወለና «ከፈለግሽ የቪየናውን ወደ ጁን 13 እናዞረዋለን፣ ግን ቅጣትና የዋጋ ልዩነት አለው፣ ቶሎ ወስኚ» አለኝ። የጠራው ብር የደሞዜን ብዙ እጥፍ ነው።

ቪዛዬ ላይ ከ12-06-26 እስከ 03-07-26፣ የቆይታ ጊዜ 7 ቀን ይላል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ፈተና እፈትናለሁ፣ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው። ማን ነው ልክ? ምን ላድርግ?

ሳሙና በር

ወንድምሽ ልክ ነው። 00:40 ማለት ዓርብ ገና ሲጀምር ነው። እኛ ሐሙስ ሌሊት የምንለው ማለት ነው። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ቦሌ መገኘት አለብሽ። ዓርብ በ9:20 ከአዘዞ፣ ከጎንደር አየር ማረፊያ ስትነሺ ያ አውሮፕላን ቪየና አርፎ፣ ተሳፋሪው ቁርሱን በልቶ ጨርሷል።

የድሮ ቲኬት ቆራጭ

እህቴ፣ አትደንግጪ፤ ማክሰኞ ላይ ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት ግድም ስለሚነሱ ይሄ ነገር ስሠራ በነበርኩበት ቢሮ የዘወትር ጣጣ ነበር። ለእኛ ሌሊቱ ካለፈው ቀን ጋር ነው የሚሄደው፤ ሐሙስ አምሽተን ስንተኛ ሌሊቱም የሐሙስ ነው፣ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። የአየር መንገዱ ሲስተም ግን ልክ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ 6 ሰዓት ሲሞላ ቀኑን ይገለብጣል። ስለዚህ ከ00:00 እስከ 05:59 ድረስ የሚነሳ በረራ ካየሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ከቤት የምትወጪው ቲኬቱ ላይ ካለው ቀን በፊት ባለው ማታ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ወኪሉ ትልቁን ቲኬት ቀይሪ ያለሽ ለእሱ ስለሚቀለው ይመስለኛል። አትንኪው። የቪየናው ቲኬት ምንም አልሆነም፣ ቀኑም ሰዓቱም ለኮንፈረንሱ ተስማሚ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ደርሰሽ አንድ ሙሉ ቀን አርፈሽ ቅዳሜ ታቀርቢያለሽ። የተበላሸው የጎንደሩ ነው። የሀገር ውስጥ ቲኬት መቀየር ከዓለም አቀፉ ጋር ሲነጻጸር የኪስ ገንዘብ ነው። የዓርቡን 15:20 ወደ ሐሙስ ጁን 11 አስመልሺው፣ አለቀ።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ለውጡ የሚደረገው በረራው ከመነሳቱ በፊት ነው። አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ስምሽ ኖ ሾው፣ ማለትም ሳይመጣ የቀረ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቅጣት ከአሁኑ ይብሳል፣ አንዳንዱ ቲኬት ጭራሽ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቲኬት ከሆነ የመጀመሪያውን ጉዞ ዝም ብለሽ ከቀረሽ ሲስተሙ ቀሪውንም ይሰርዘዋል። ይሄ ለቪየናውም ለጎንደሩም ይሠራል። «የዓርቡን እተወዋለሁ፣ በሌላ መንገድ አዲስ አበባ እገባለሁ» ብለሽ ብትሄጂ ረቡዕ ስትመለሺ የጎንደሩ መመለሻሽ ተሰርዞ ይጠብቅሻል።

ቀበሌ 18

እኔ ብሆን የቪየናውን አንድ ቀን ቀደም አደርገው ነበር። ረቡዕ ማታ ሄዳ ሐሙስ ጠዋት እዚያ ብትደርስ ከተማውንም ታያለች፣ ሁለት ቀን ታርፋለች። ምናለበት?

ኤምባሲ ደጅ የኖረ

@ቀበሌ 18፣ ቪዛዋን አንብበው እንጂ። ከ12-06-26 ይላል። ሐሙስ ጁን 11 ጠዋት ቪየና ልትደርስ ነው ማለት ነው፤ ቪዛው ገና ሥራ አልጀመረም። ድንበሩ ጋ እንኳ አትደርስም፤ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱን የሚያየው ሠራተኛ ያስቀራታል። ያለ ትክክለኛ ቪዛ የተሳፈረን ሰው መልሶ ማምጣትም ቅጣትም በአየር መንገዱ ላይ ስለሚወድቅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይለሳለሱም።

መምህርት፣ የቀን ቆጠራሽ ግን ደህና ነው። የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል፤ ከ12 እስከ 16 አምስት ቀን ነው፣ የተሰጠሽ 7 ነው። እስከ 03-07 የሚለው ተጨማሪ 15 ቀን ለእንዲህ ዓይነቱ የጉዞ መዛባት የሚታሰብ ማካካሻ ነው እንጂ እስከዚያ ተቀመጪ ማለት አይደለም። ቀን ብትቀያይሪ የጉዞ ኢንሹራንስሽም አዲሱን ቀን መሸፈኑን እዪ። የሸንገን ቪዛ (ያንቺው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነው፣ ወረቀቱን በእጅሽ ያዢ።

የማራኪዋ መምህርት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወኪሉን አሁን አናገርኩት። «የሐሙሱ የጎንደር በረራ ሙሉ ነው፣ ለዚህ ነው የቪየናውን ቀይሪ ያልኩሽ» አለኝ። ጠዋት አንድ ሁለት ቦታ አለ መሰለኝ ብሏል፣ ከሰዓቱ ግን ሙሉ ነው አለ። ጠዋት ደግሞ ፈተናዬ። በመኪና ብወጣስ? ባሕር ዳር ድረስ እንኳ ሄጄ ከዚያ ብበር?

ዳገት ሰፈር

ጎንደር – ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰላም ቢሆን የሦስት ሰዓት መንገድ። የሰሞኑን መንገድ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ መቼ እንደሚዘጋ፣ የት እንደሚያስቆሙሽ አይታወቅም። ከአዲስ አበባ ሌሊት የሚነሳ አውሮፕላን ይዘሽ በዚህ ላይ አትቁጠሪ። በመኪና እስከ አዲስ አበባማ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፣ አታስቢው።

የድሮ ቲኬት ቆራጭ

«ሙሉ ነው» የሚለው ቃል ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው የሚወጣው። አንድ አውሮፕላን ላይ ያለው ኢኮኖሚ ወንበር በሲስተሙ ውስጥ በፊደል በተሰየሙ ብዙ የዋጋ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ ዋጋውና የመቀየሪያ ደንቡ ግን ይለያያል። ያንቺ ቲኬት ርካሹ ክፍል ላይ ከሆነ ወኪሉ የሚፈልግልሽ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ዜሮ ሲያይ «ሙሉ» ይልሻል። አንድ ደረጃ ከፍ ባለው ክፍል ግን አራት አምስት ወንበር ሊኖር ይችላል፣ ልዩነቱን ከፍለሽ ትገቢያለሽ። እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ሐሙስ ከሰዓት በየትኛውም የኢኮኖሚ ክፍል ወንበር አለ ወይ? ልዩነቱስ ስንት ነው?» በአፍ ሳይሆን በቴሌግራም ጻፊለትና በጽሑፍ ይመልስልሽ።

በእርግጥም ሙሉ ከሆነ የመጠባበቂያ ዝርዝር ውስጥ ያስገባሽ። ግን ተጠባባቂነት ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም፤ የጠዋቱን አሁኑኑ ያዢና ለፈተናው ሰው ፈልጊ።

እንዲያውም ምክሬን ከጠየቅሽኝ የከሰዓቱ ቢገኝ እንኳ የጠዋቱን ነው የምመርጥልሽ። ሁለቱ ቲኬት የተለያየ ነው። በአንድ ቡኪንግ ቢሆን ኖሮ የጎንደሩ ዘግይቶ የቪየናው ቢያመልጥሽ በሚቀጥለው የመጫን ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነበር። ለየብቻ የተቆረጠ ሲሆን ግን ሁለተኛው በረራ የመጀመሪያውን አያውቀውም፤ ዘግይተሽ ከደረስሽ ቀርተሻል፣ በቃ። ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው፣ ክረምቱ እየገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡና ደመናው ሲወርድ በረራ ቢዘገይ ማንም አይገርመውም። ጠዋት ብትወጪ የጠዋቱ ቢሰረዝ እንኳ የከሰዓቱ ይቀርሻል። ከሰዓት ብትወጪና ቢሰረዝ ምን ይቀርሻል?

እትዬ አዘዞ

ልጄ፣ ፈተናውን አንድ ጓደኛሽ ቢፈትንልሽ ሰማይ አይወድቅም። ስንቱን አብረሽ ፈትነሻል። ለክፍል ኃላፊሽ ዛሬውኑ ንገሪ፣ ነገ ማታ ብትነግሪ ነው የሚከፋው።

ፋይናንስ ቤት

የገንዘቡን ጉዳይ ማንም አላነሳም። መምህርት፣ አንድም ሳንቲም ከኪስሽ አትክፈዪ ባይ ነኝ። ስህተቱ የወኪሉ ነው፤ ሁለቱን በረራ ያገናኘው እሱ፣ ዓርብ ማታ ነው ብሎ ያስረዳሽም እሱ። «ሌሊት 6:40 ትበሪያለሽ» ያለው በጽሑፍ አለሽ? በቴሌግራም ከሆነ አታጥፊው፣ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ለግዥ ክፍሉ አጭር ማመልከቻ ጻፊ፦ ቲኬቱ መቼ ተቆረጠ፣ ስህተቱ ምንድን ነው፣ ለማስተካከል ስንት ተጠየቀ። ወኪሉ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ነው የሚከፈለው፤ ምናልባትም ክፍያው ገና አልተለቀቀለትም። እዚያ ላይ ነው ጉልበታችሁ። ራስሽ ከከፈልሽ በኋላ ማስመለስ ደግሞ ሌላ መከራ ነው፤ ፋይናንስ «ቀድሞ ያልተፈቀደ ወጪ» ብሎ ይመልስብሻል። አውቃለሁ፣ እኔም የምመልሰው እንደዚያ ብዬ ነው።

ሳሙና በር

@ፋይናንስ ቤት፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ዛሬ ማክሰኞ ነው። ደብዳቤው ከግዥ ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲዞር ዓርብ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ደብዳቤ አይጠብቅም። የሀገር ውስጡ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ትክፈለውና ደረሰኝ ትያዝ። ለትልቁ ቢሆን ካንተ ጋር ነኝ።

ፋይናንስ ቤት

ደረሰኙ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆረጥ እንግዲያው፣ በራሷ ስም እንዳታስቆርጥ። ማመልከቻው ግን ዛሬ ይግባ፣ የመዝገብ ቤት ቁጥር ይኑረው።

የኮሌጅ ሰፈር ልጅ

መመለሻውን ያየው አለ? ቪየና 22:40 ተነስቶ በማግስቱ 06:00፣ ማለትም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቦሌ ያርፋል። የጎንደሩ 07:10 ነው። አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ! ኢሚግሬሽን ተሰልፎ፣ ሻንጣ ጠብቆ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ወደ ሀገር ውስጡ ሄዶ እንደገና ሻንጣ አስመዝግቦ? አይሆንም። የሀገር ውስጥ ምዝገባውም በረራው ሳይነሳ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለመሄጃው ስትቀይሪ በዚያው መመለሻውንም ወደ ረፋድ ወይም ከሰዓት አስደርጊው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብታስቀይሪ ቅጣቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቂው።

የድሮ ቲኬት ቆራጭ

ጎበዝ፣ ይሄን አላየሁትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቲኬቶቹን ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። ኮንፈረንሱ ላይ የተመዘገብሽው በስምሽና በአባትሽ ስም ይሆናል፤ ፓስፖርት ላይ ግን የአያት ስም አለ፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ ማን እንደተጻፈ እዪ። ቲኬት ላይ መስፈር ያለበት ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው። ደግሞ የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው እጅ ነው፤ አንዱ ጋ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ጋ በሁለት። የአንድ ፊደል ስህተት ከሆነ ወኪሉ በቀላሉ ያስተካክለዋል፣ ግን ቦሌ መስኮቱ ጋ ከመድረስሽ በፊት።

የማራኪዋ መምህርት (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ማታ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ክፍል ኃላፊያችንን አነጋገርኩ፣ የሐሙሱን ፈተና ባልደረባዬ ትፈትንልኛለች። ወኪሉን «በየትኛውም ክፍል» ብዬ በጽሑፍ ስጠይቀው ከሰዓቱም ላይ ወንበር ተገኘ፣ ጉድ እኮ ነው! እናንተ እንዳላችሁት ግን የጠዋቱን ያዝኩ። መመለሻውን ወደ ረቡዕ ከሰዓት አዞረልኝ። የቪየናውን አልነካነውም። የከፈልኩት የሀገር ውስጡን ልዩነት ብቻ ነው፣ ደረሰኙ በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፣ ማመልከቻውም መዝገብ ቤት ገብቷል። ወኪሉ የጻፈልኝ «ዓርብ ማታ» የሚለው መልእክት አለኝ፣ ተያይዟል።

ስሜ ልክ ነው፣ አያቴም በቦታው አለ።

የቀረኝ ጥያቄ ሻንጣ ነው። ጎንደር ላይ ሳስመዘግብ እስከ ቪየና ይላካል ወይስ ቦሌ ላይ ተቀብዬ እንደገና ላስመዝግብ? ፖስተርም አለኝ፣ ቅዳሜ ከንግግሬ በኋላ የሚሰቀል፣ በካርቶን ቱቦ የተጠቀለለ።

የኮሌጅ ሰፈር ልጅ

ቲኬቱ የተለያየ ስለሆነ ቦሌ ላይ ተቀብለሽ እንደገና ታስመዘግቢያለሽ ብለሽ አስቢ። አዘዞ መስኮቱ ላይ የቪየናውን ቲኬት አሳይተሽ ጠይቂ፣ እሺ ካሉሽ የሻንጣው ወረቀት ላይ የመጨረሻው መድረሻ ምን እንደሚል ራስሽ አንብቢ። አንቺ ግን ጠዋት ደርሰሽ ሌሊት ስለምትበሪ ሻንጣሽን ይዘሽ ዘመድ ቤት ገብተሽ ብታርፊ ይሻላል። የሀገር ውስጡ የኪሎ ልክ ከዓለም አቀፉ ያንሳል፤ የጎንደሩ ቲኬት ላይ የተጻፈውን አይተሽ በዚያ ልክ አዘጋጂ፣ አለዚያ አዘዞ ላይ ትርፍ ኪሎ ያስከፍሉሻል።

ፖስተሩን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። በእጅሽ ያዢ። ጊዜ ካለሽ ደግሞ ጨርቅ ላይ አሳትሚው፤ እንደ ነጠላ ታጥፎ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ስትዘረጊው መተኮሻ ቢያስፈልገው ነው። የንግግርሽን ስላይድ ፍላሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ።

ኤምባሲ ደጅ የኖረ

ለ00:40 በረራ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ተገኚ። የግብዣ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ ኢንሹራንስ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ ከመሥሪያ ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም ታትሞ በአንድ ፋይል ይሁን። ቪየና ስትደርሺም ድንበሩ ላይ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ስልክሽ ባትሪው ቢያልቅ ወረቀቱ አለ። 06:05 ስለምትደርሺ ሆቴሉ ክፍሉን እስከ ከሰዓት ላይሰጥሽ ይችላል፤ ሻንጣ እንዲያስቀምጡልሽ አስቀድመሽ ጻፊላቸው።

ጃንተከል ሥር

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ላይ ገባሁ። የኔ ናይሮቢ ነው፣ እሑድ ጁን 21፣ 23:55 ይላል። ይሄስ የቅዳሜ ነው የእሑድ?

ሳሙና በር

የእሑድ ማታ ነው፣ በእኛ 5:55። አምስት ደቂቃ አተረፍክ።

የድሮ ቲኬት ቆራጭ

@ጃንተከል ሥር፣ መድረሻው ግን ሰኞ ይሆናል። ናይሮቢ የሚቀበልህ ሰው ወይም ሆቴል ካለ እሑድ ለሰኞ ጁን 22 አጥቢያ ሌሊት ብለህ ንገራቸው፤ ክፍሉን ግን ከእሑድ ማታ ጀምሮ አስይዝ፣ አለዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደርሰህ እስከ ቀን 8 ሰዓት ሶፋ ላይ ትቀመጣለህ።